ሲጋሩን የነጠቀው እጅ

ዩሱፍ ካርሽ በ13 ዓመቱ የሣላት አንዲት ንድፍ አባቱን የመጨረሻዋን የብር ሳንቲም አስከፍላቸዋለች። ጊዜው 1922 ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቤተሰቡ በዛሬዋ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ከምትገኘው ከማርዲን ወጥቶ ወደ ሶርያዋ ሐለብ እየሸሸ ነበር። በባቡር ሁለት ቀን የሚወስደው መንገድ ነው፤ ባቡሩ ግን ለእነሱ ክልክል ሆነ። ከበደዊኖችና ከኩርዶች ሲራራ ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅለው አንድ ወር ሙሉ ተጓዙ። የቤታቸውን በር ክፍቱን ትተው፣ ሻንጣ እንኳ ሳይዙ ነው የወጡት። ደብቀው ያተረፏት ጥሪትም በየመንገዱ እየተነጠቀች አለቀች። ልጁ ታዲያ ተቆልሎ ያየውን የሰው አጥንትና ራስ ቅል በወረቀት ሲነድፍ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። አባት ያቺን የቀረቻቸውን ሳንቲም ከፍለው አስለቀቁት። ከትውልድ አገሩ መጨረሻ ላይ ያየው ምልክት ያ የአጥንት ክምር ነው።

የተወለደው ዲሴምበር 23 ቀን 1908 ነው። አባቱ ማንበብና መጻፍ አያውቁም፤ ግን ከሩቅ አገር የቤት ዕቃ፣ ምንጣፍና ቅመም እያስመጡ የሚነግዱ፣ ያማረውን ካላማረው በዓይናቸው የሚለዩ ሰው ነበሩ። እናቱ ባሂያ በዚያ ዘመን ለሴት ብርቅ የነበረውን ትምህርት ቀምሰዋል። 1915 መጣና በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ የወረደው እልቂት ማርዲንንም አዳረሰ። ሁለት አጎቶቹ ከታሰሩ በኋላ ከነነፍሳቸው ጉድጓድ ውስጥ ተጣሉ። እህቱ በተስቦ ሞተች። እሱ ራሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሠፈር ልጆች በድንጋይ ያባርሩት ነበር። አንድ ቀን ኪሱን ድንጋይ ሞልቶ ሊበቀል ሲነሳ እናቱ አገኙት። የሚያደርጉትን አያውቁም አሉት፤ አልችልም ብለህ የምትወረውር ከሆነ ግን እንድትስታቸው አድርገህ ወርውር። ይህችን የእናቱን ምክር ካርሽ እስከ እርጅናው ሲያወራት ኖሯል።

በዚያ ዘመን በኦቶማን አገር ፎቶ ቤት ማለት ብዙውን ጊዜ የአርመን ቤት ማለት ነበር። በቁስጥንጥንያ ሱልጣኖቹን ያነሱ የነበሩት አብዱላህ ወንድማማቾች አርመኖች ናቸው። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባን ቤተ መንግሥት ሰዎች ያነሱት ቦያጂያኖች ከዚያው ሕዝብ የመጡ ናቸው። 1924 ላይ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ያገኟቸውን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በኋላ «አርባ ልጆች» የተባሉትን፣ ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ ማርሽ ባንድ ሆነው አገሩን አስደመሙት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሌላ አርመናዊ ልጅ ከቤይሩት መርከብ ተሳፈረ። ካናዳ የሚጠብቁት አጎቱ ጆርጅ ናካሽ በምን እንደሚተዳደሩ መገመት አያዳግትም፤ ሼርብሩክ በምትባል የኩቤክ ከተማ ፎቶ ቤት ነበራቸው።

ቬርሳይ የተባለችው መርከብ ከ29 ቀን ጉዞ በኋላ በ1924 የመጨረሻ ቀን ሃሊፋክስ ደረሰች። ልጁ ገና 16 ሞልቶታል። ፈረንሳይኛ በጥቂቱ፣ እንግሊዝኛ ከዚያም ባነሰ ይናገራል። ወደቡ በበረዶ ተሸፍኖ ነበርና አጎትየው ከመርከቡ ተቀብለው በፈረስ በሚጎተት፣ ቃጭል በሚያንሿሿ የበረዶ ጋሪ ወሰዱት።

የልጁ ሐሳብ ሐኪም መሆን ነበር። አጎቱ ግን በፎቶ ቤቱ ውስጥ እየረዳቸው እንዲማር አደረጉ፤ አንዲት ትንሽ ሣጥን መሳይ ካሜራም ሰጡት። ልጆች ሲጫወቱ የሚታዩበት አንድ የመልክዓ ምድር ፎቶ አንስቶ፣ አሳድጎ አትሞ፣ ለገና ለክፍል ጓደኛው ስጦታ አበረከተ። ጓደኛውም ሳያማክረው ፎቶውን የኢተን መደብር ላዘጋጀው ውድድር አቀረበው። አንደኛ ወጣ። ሽልማቱ 50 ዶላር ነበር፤ ካርሽ 10 ዶላር ለጓደኛው ሰጥቶ የቀረውን ሐለብ ላሉት ወላጆቹ ላከ። አባቱ ማርዲን መንገድ ላይ የከፈሉትን ያህል መለሰላቸው ማለት ይቻል ይሆናል።

አጎቱ የልጁን እጅ ስላዩ በ1928 ቦስተን ላለው ወዳጃቸው ላኩት። ጆን ጋሮም አርመናዊ ናቸው፤ በምሥራቃዊ አሜሪካ ስማቸው የታወቀ ባለሙያ። ለስድስት ወር የታሰበው ቆይታ ሦስት ዓመት ሆነ። ጋሮ የሚሠሩት በጣሪያ መስታወት በሚገባ የቀን ብርሃን ብቻ ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሥራው ያበቃና ፎቶ ቤቱ የሙዚቀኞች፣ የተዋንያንና የጸሐፊዎች መሰብሰቢያ ይሆናል። አሜሪካ መጠጥ በሕግ የከለከለችበት ዘመን ስለነበር፣ ተለማማጁ ካርሽ ለእንግዶቹ የሚቀዳው መጠጥ የፎቶ ማጠቢያ ኬሚካሎችን ስም ለብሶ ይቀርብ ነበር። እኔ ግን ከመጠጡ ይልቅ የሚገርመኝ የልጁ ጆሮ ነው። ታላላቅ ሰዎች ካሜራ ፊት ሳይሆኑ፣ ዘና ብለው ሲያወሩ፣ ሲከራከሩ፣ ሲሳሳቁ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጥግ ቆሞ አደመጠ። ጋሮ ደግሞ ማታ የሥዕል ትምህርት እንዲከታተል ላኩት፤ ሬምብራንትና ቬላስኬዝ በፊት ላይ ጥላን እንዴት እንደሚያሳርፉ ያጠናው ያኔ ነው። ቦስተን ሲለቅ የቀረው ነገር ቢኖር ከፀሐይ ሌላ ብርሃን አለማወቁ ነበር።

ኦታዋን የመረጠው ዋና ከተማ ስለሆነች ነው። የአገሩ ሹሞችም የሚመጡት እንግዶችም በዚያ ያልፋሉ ብሎ አስቧል። በ1931 ፎቶ አንሺው ጆን ፖዊስ ዘንድ ተቀጠረ፤ በማግሥቱ ዓመት አዛውንቱ ጡረታ ሲወጡ በስፓርክስ መንገድ የራሱን ከፈተ። የቤት ዕቃው ጨርቅ የለበሰ የብርቱካን ሣጥን ነበር። የቤት ኪራይ ሲያጥረው ለጸሐፊው የከፈላትን የሳምንት 17 ዶላር መልሶ ይበደራት ነበር።

ዕድሉ የተከፈተው በቲያትር ነው። ኦታዋ ሊትል ቲያትር የሚባል የአማተሮች ቡድን ነበር። ካርሽ እዚያ ሲገባ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛዋ ሶላንዥ ጎቲዬ ናት፤ በቡድኑ ዋና ተዋናይት የነበረች፣ በ1939 ሚስቱ የሆነች። ሁለተኛው የመድረክ መብራት ነው። አዘጋጁ ጨለማ መድረክ ላይ ሆኖ ይህን አብራ፣ ያንን ቀንስ ሲል፣ አንድ ተዋናይ በአምፖል ብቻ ሲያዝንና ሲቆጣ አየ። ጋሮ ዘንድ ብርሃኑ እስኪመጣ ነበር የሚጠበቀው። እዚህ ብርሃኑ ይታዘዛል። ካርሽ ከዚያ በኋላ ፀሐይን አልጠበቀም።

ከተዋንያኑ አንዱ የካናዳ ጠቅላይ ገዢ የሎርድ ቤስቦሮ ልጅ ስለነበር ወላጆቹ እንዲነሱለት ለመነለት። እነሱም መጡ። ካርሽ ከደስታው ብዛት ሌንሱን በትክክል ሳያስተካክል ቀርቶ ፎቶዎቹ ደበዘዙ። ጨዋ ሰዎች ነበሩና ዳግመኛ ተቀምጠውለታል፤ ሁለተኛው ፎቶ እስከ ለንደን መጽሔቶች ደረሰ። ይህች ውድቀት ትንሽ ብትመስልም እኔ አልንቃትም። ከዚያ ወዲህ ማንም ይምጣ፣ ካርሽ መብራቱንም ካሜራውንም አስቀድሞ ማዘጋጀት ልማዱ ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ማኬንዚ ኪንግም ወደዱት፤ የከበረ እንግዳ ወደ ኦታዋ ሲመጣ ካርሽን ማስጠራት ጀመሩ።

እንግዳው በዲሴምበር 1941 መጣ። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደብድባ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች ሦስት ሳምንት አልፏል። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ከዋሽንግተን ተነስተው ዲሴምበር 30 ለካናዳ ፓርላማ ንግግር አደረጉ። ፈረንሳይ ስትወድቅ ጄኔራሎቿ እንግሊዝም በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደ ዶሮ አንገቷ ይጠመዘዛል ብለው እንደነበር አስታውሰው፣ ዶሮዋም አንገቷም እንደተገመቱት እንዳልሆኑ ሲናገሩ ምክር ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ካርሽ በዚህ ጊዜ በአፈ ጉባኤው ክፍል ነበር። መብራቱንና ካሜራውን ከዋዜማው አስቀምጧል።

ንግግሩ አለቀ። ቸርችል ከማኬንዚ ኪንግ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ክፍሉ ገቡ። ካርሽ መብራቱን አበራ። ቸርችል ቆም ብለው «ይህ ምንድን ነው?» አሉ። ፎቶ እንደሚነሱ የነገራቸው የለም። አጃቢዎቻቸው ተያዩ እንጂ አፉን የከፈተ አልነበረም። የ33 ዓመቱ ፎቶ አንሺ ቀረብ ብሎ ለዚህ ታሪካዊ ቀን የሚመጥን ፎቶግራፍ ለማንሳት ተስፋ እንዳለው ተናገረ። «ለምን አልተነገረኝም?» አሉ ቸርችል። አጃቢዎቹ ሳቁ፤ ሳቁ ነገሩን አላረገበውም። አዲስ ሲጋር ለኮሱና እንደ ውለታ አድርገው «አንድ ብቻ ማንሳት ትችላለህ» አሉት።

ካርሽ የሲጋር መተርኮሻ አቀረበላቸው። አልጣሉትም። ወደ ካሜራው ተመልሶ ሁሉ ነገር መስተካከሉን አየ። ጠበቀ። ሲጋሩ ከአፋቸው አልወጣም። ከዚያ ወደ እሳቸው ሄደ፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ» አለና ሲጋሩን ከአፋቸው ወሰደው። ካሜራው ጋ ተመልሶ ሲደርስ ቸርችል በቁሙ ሊውጡት የደረሱ ይመስሉ ነበር። ያኔ አነሳ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ቸርችል ፈገግ ብለው «ሌላም አንሳ» አሉት። ከዚያም ቀርበው እየጨበጡት፣ የሚያገሣ አንበሳን እንኳ ለፎቶ ቀጥ አድርገህ ታቆማለህ አሉት። ፎቶው ስሙን ያገኘው ከዚህች ቃል ነው፤ «የሚያገሣው አንበሳ»።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሁሉ የሚያደንቁት ድፍረቱን ነው። እኔ ግን በእጁ ላይ ሌላ ነገር አያለሁ። ካርሽ ራሱ እንዳለው አስቦበት ያደረገው አይደለም፤ ይቅርታው ግን ከእጁ ቀድሟል። ድንጋዩን እንድትስት አድርገህ ወርውር የተባለው ልጅ ነው። ደግሞም ዓለም በዚያ ፊት ላይ ያየው ሂትለርን የተጋፈጠች ብሪታንያን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የተቆጡት ሲጋራቸውን ተነጥቀው ነው። ሁለተኛው ፎቶ፣ ፈገግ ያሉበት፣ ሰውየውን ጨዋታ እንደሚያውቁ ደግ አያት ያሳያል። ያንን ማን ያስታውሰዋል? ጦርነት ላይ የነበረው ዓለም የመረጠው የመጀመሪያውን ነው። ላይፍ መጽሔት በሜይ 1945፣ ጦርነቱ በአውሮፓ ሲያበቃ፣ ሽፋኑ ላይ አወጣው። በ2016 የእንግሊዝ ባንክ አዲሱን የአምስት ፓውንድ ኖት ሲያትም ያንኑ ፊት ተጠቀመ። በነገራችን ላይ ወንድሙ ማላክም ፎቶ አንሺ ነበር፤ በኦታዋ ወንዝ ላይ ግንድ ሲጓጓዝ ያነሳው ሥዕል የካናዳ የአንድ ዶላር ኖት ጀርባ ላይ ታትሟል። አባታቸው በመጨረሻ ሳንቲማቸው የዋጁት ልጅና ወንድሙ ሁለቱም ገንዘብ ላይ ወጡ።

በ1943 ካርሽ ወደ ለንደን ተሻገረ። ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛን፣ ደራሲዎቹን ኤች ጂ ዌልስንና በርናርድ ሾውን አነሳ። ሾው ካርሽ አርመናዊ መሆኑን ሲሰማ ብዙ አርመን ወዳጆች አሉኝ፣ ጤነኛና ብርቱ ሆነው እንዲቆዩ ግን አልፎ አልፎ መጨፍጨፍ አለባቸው ብሎ ቀለደ። አጎቶቹ ጉድጓድ የተጣሉበት ሰው ይህን ሰምቶ ሥራውን ቀጠለ፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ሾው ልክ እንደዚያ ሊቀልድ የተዘጋጀ ፊት አለው። ከዚያ ጉዞና ከዋሽንግተን ሥራዎቹ የተሰበሰበው የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1946 ወጣ። በጃንዋሪ 1947 የካናዳ ዜግነት ሕግ ሥራ ላይ ሲውል የመጀመሪያዎቹን የዜግነት ወረቀቶች ከተቀበሉት ሰዎች መካከል፣ አንደኛ ቁጥር ከተሰጣቸው ከማኬንዚ ኪንግ ጋር፣ ካርሽም ነበር።

ካሜራው ትልቅ ነው፤ የፊልሙ ገጽ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ማንንም ከማንሳቱ በፊት ስለ ሰውየው ያነባል፣ ይጠይቃል፣ ሥራዎቹን ያያል። በ1957 ሄሚንግዌይን ለማንሳት ኩባ ሲሄድ፣ ደራሲው የሚወደውን ዳይኪሪ የተባለ መጠጥ ለማወቅ ከዋዜማው ማታ ሃቫና ፍሎሪዲታ ቡና ቤት ገብቶ ቀመሰ። ጧት ሄሚንግዌይ ምን ልጋብዝህ ሲለው በኩራት «ዳይኪሪ» አለ። በዚህ ጧት? ብሎ ሄሚንግዌይ ደነገጠ። የቤት ሥራ አንዳንዴ እንዲህ ነው። ከዚያ ቀን የቀረልን ፎቶ ወፍራም ሹራብ የለበሰ፣ ብዙ የተጎዳ፣ ዓይኑ ከካሜራው አልፎ የሚያይ ሰው ነው።

ከፊት ቀጥሎ የሚያሳስበው እጅ ነው። ለእጅ ብቻውን የተለየ መብራት ይሰጥ ነበር። በ1948 ማየትም መስማትም የማትችለውን ሄለን ኬለርን ሲያነሳ እሷ መጀመሪያ ፊቱን በጣቶቿ ዳሰሰች። ሌሎችን የሚያያቸው እሱ ነበር፤ ያን ቀን እሱ ታየ። ፎቶው ላይ የኬለርና የረዳቷ የፖሊ ቶምሰን እጆች ከፊታቸው ያላነሰ ይናገራሉ።

ከሁሉም ግን እኔን የሚያቆመኝ ፊት የሌለበት ፎቶ ነው። በ1954 የቼሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካሳልስ ከፍራንኮዋ ስፔን ተሰድዶ በደቡብ ፈረንሳይ ይኖር ነበር። ካርሽ በአንድ ጥንታዊ ገዳም ውስጥ አገኘው፤ ካሳልስ ቼሎውን ይዞ የባህን ሙዚቃ መጫወት ጀመረ። ካርሽ ዜማው ስለያዘው ካሜራውን ረሳ። ሲያስታውስ ያነሳው ጀርባውን ነው፤ ባዶ የድንጋይ ግድግዳ፣ ከላይ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ ከታች ጎንበስ ያለ ሰው። ከዚያ በፊት ማንንም ከጀርባ አንስቶ አያውቅም። ፎቶው ቦስተን ሙዚየም በተሰቀለበት ጊዜ አንድ አዛውንት በየቀኑ እየመጡ ፊቱ ይቆሙ ነበር አሉ። የሙዚየሙ ሰው ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ዝም በል ልጄ፣ ሙዚቃውን እያዳመጥኩ ነው ብለው መለሱለት። ስደተኛውን ከጀርባ ማንሳት ያለበት ስደተኛ ነበር እላለሁ።

ካርሽን የሚነቅፉ አሉ፤ ትችታቸውም ባዶ አይደለም። ከጨለማ ውስጥ የሚወጣው ፊት፣ እንደ ድንጋይ የተጠረበው ብርሃን፣ ሁሉንም ሰው ሐውልት ያደርገዋል ይላሉ። አንስታይንም፣ ክሩሽቼቭም፣ የፊልም ተዋናይም ካርሽ ፊት ሲቀመጡ በአንድ ማዕረግ ይሾማሉ። ገበናን የሚገልጥ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቤት መሄድ አለበት። ሆኖም በ1950 እና 1951 ዌላንድ የብረት ፋብሪካና ዊንዘር የፎርድ ፋብሪካ ገብቶ ያነሳቸውን ሠራተኞች ያየ ሰው ነገሩን በሌላ በኩል ያየዋል። ለንጉሥ ያበራውን መብራት ላብ ላጠመቀው የብረት ቀላጭም አብርቷል፤ ሠራተኛውም ከንጉሡ ያነሰ ሐውልት አልሆነም።

ሶላንዥ በ1961 በካንሰር ሞተች። በማግሥቱ ዓመት በሕክምና ጉዳዮች ላይ የምትጽፈውን ኤስትሬሊታን አገባ። በ1973 ፎቶ ቤቱን ከፓርላማው አጠገብ ወዳለው ሻቶ ሎሪዬ ሆቴል አዛወረ፤ በኋላም ባልና ሚስቱ እዚያው ሆቴል ውስጥ ኖሩ። ዓለም ወደ ትንንሽ ካሜራና ወደ ቅጽበት ፎቶ ሲሮጥ እሱ ያን ከባድ ሣጥን ተሸክሞ ቀጠለ። በ1987 የካናዳ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከ15 ሺህ በላይ ቀጠሮዎችን የያዘውን ክምችቱን ተረከበ። በ1990 ኔልሰን ማንዴላን አነሳ፣ በ1992 ፎቶ ቤቱን ዘጋ። በ1997 ወደ ጋሮ ከተማ ወደ ቦስተን ተመለሰ፤ ጁላይ 13 ቀን 2002 በ93 ዓመቱ እዚያው አረፈ። የተቀበረው ኦታዋ ነው።

ለሆቴሉ የተዋቸው ፎቶዎች በግድግዳው ላይ ቀሩ፤ የካርሽ ፊርማ ያለበት «የሚያገሣው አንበሳ»ም ከመካከላቸው ነበር። በኦገስት 2022 አንድ የሆቴሉ ሠራተኛ የአንበሳው ክፈፍ ከሌሎቹ ጋር እንደማይመሳሰል አስተዋለ። ሲመረመር ፎቶውም ፊርማውም ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። እውነተኛው የተነቀለው በ2021 ገና እና በ2022 ጃንዋሪ መጀመሪያ መካከል፣ ከተማው በወረርሽኙ ምክንያት ጭር ባለበት ሰሞን ነው። ሰባት ወር ተኩል ገደማ ሙሉ እንግዶች በሐሰተኛው ቸርችል ፊት ሻይ ጠጡ፣ ጋዜጣ አነበቡ። እውነተኛው በለንደን ጨረታ ተሸጦ ጣሊያን ጀኖቫ ገብቷል፤ መሰረቁን ያላወቀ አንድ ጠበቃ ገዝቶ ሳሎኑ ሰቅሎታል። ፖሊስ ሁለት ዓመት ፈለገው። ጠበቃው ለመመለስ ተስማማና በሴፕቴምበር 2024 ሮም ባለው የካናዳ ኤምባሲ ርክክብ ተደረገ። በኖቬምበር ፎቶው ኦታዋ ደረሰ፤ ካርሽ ሲጋሩን ከነጠቀበት ክፍል በእግር ጥቂት ደቂቃ ወደሚያስኬደው ወደዚያው ግድግዳ ተመልሶ ተሰቀለ።